የአራተኛው ቦታ ጠብ

መቼ እንደነበር በትክክል አላስታውስም። አዲሱ ስታዲየም ተሠርቶ ያለቀ ሰሞን ይመስለኛል፤ ከወረርሽኙ በፊት መሆኑን ግን አልስተውም። የነቢያት ጾም መግባቱንም አውቃለሁ፣ ምክንያቱም እንግዶች የማመላልስበት ቫን ውስጥ የዶሮ ክንፍ ሲሸተኝ አፍንጫዬን ወደ መስኮት አዙሬ ነበር የምነዳው።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ባለፈው ቅዳሜ ክላርክስተን ጸጉሬን ልስተካከል የገባሁበት ቤት ነው። ሁለት የሀገሬ ልጆች፣ ግማሽ ራሳቸው ተላጭቶ ግማሹ ሳይላጭ፣ በአሜሪካ የኮሌጅ ኳስ ቡድኖች ደረጃ ይከራከራሉ። «ማንን አሸንፎ ነው ስድስተኛ የሆነው?» ይላል አንዱ። ሌላው ደግሞ «ስኬጁላቸውን ቼክ አድርገው እንጂ!» ይላል። ኋላ ወደኔ ዞረው «ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱን» አሉኝ። «እኔ በዚህ ነገር መሀል መግባት ትቻለሁ» አልኳቸው። ሳቁ። እኔ ግን ያ የድሮ ንዴት ተነሳብኝ።

ያን ጊዜ ዕድሜዬ ሃምሳ አምስት አልፏል፤ ለአሜሪካ ግን ገና ልጅ ነበርኩ፤ ከመጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ። መንገድ አሻግሩኝ የሚል፣ የሚስቁበትን ሳያውቅ አብሮ የሚስቅ ልጅ። የዲቪ ሎተሪ ሲደርሰኝ ባለቤቴ አስካለ የታመመች እናቷን ጥዬ አልሄድም ብላ ቀረች። እናትየው ካረፉ በኋላ እሷን ለማምጣት ወረቀት ጀምሬ፣ የቀረኝ የመሥሪያ ቤቴ የሥራ ደብዳቤ ብቻ ነበር።

ሥራዬ ብሩክሄቨን አጠገብ ካለ አንድ ሆቴል እንግዶችን በቫን ወደ ኤርፖርት ማመላለስ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ብጨርስም የተማርኩት ስለጠፋብኝ እንግሊዝኛዬን ያስተማሩኝ እነዚያው እንግዶች ናቸው። በመከር ወራት ሰው ሁሉ የሚያወራው ያቺን እንቁላል የመሰለች ኳስ ነው። «እንዴት አደራችሁ?» ከማለት «ስንተኛ ሆናችሁ?» ማለት የበለጠ ያስደስታቸዋል። እኔም ደረጃውን በየሳምንቱ እንደ ዳዊት በቃሌ እይዝ ነበር።

ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ቡድኑ ብዙ ነው፤ ሁሉም ከሁሉም ጋር ተጫውቶ አይዘልቀውም። ስለዚህ አንድ ኮሚቴ ክፍል ዘግቶ ይቀመጥና ደረጃ ያወጣል። በዚያን ጊዜ ለዋንጫው የሚያልፉት አራት ብቻ ነበሩ። አምስተኛ የወጣ ቤቱ ይገባል። ኮሚቴ የሚባለውን ነገር እኔ በጎረምሳነቴ ጠግቤዋለሁ። ቀበሌ በር ላይ የተለጠፈ ዝርዝር ውስጥ ስሙን ፈልጎ ያጣ ሰው ፊቱ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። የእነዚህ ፊት ያንኑ ሲመስል ሳይ ይገርመኝ ነበር፤ ለኳስ!

ዝርዝሩ የሚወጣበት እሑድ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ሁለት ጥንድ ባልና ሚስት ጭኜ ወጣሁ። ደቃቅ ዝናብ ይዘንባል፤ የጥድ ቅጠል አስፋልቱ ላይ እንደ ጭድ ተነስንሷል። ከኋላዬ ቀይ የለበሰ ግዙፍ ሰው፣ ከጎኑ ደግሞ ብርቱካናማ የለበሰ ቀጭን የእህቱ ባል። ግዙፉ የተቀቀለ ለውዝ በትልቅ ኩባያ ይዟል። «ብላ» ብሎ ዘግኖ ሰጠኝ። የጾም ነገር ነውና አመስግኜ በላሁ።

«እኛ አንድም ጨዋታ አልተሸነፍንም» አለ ቀጭኑ።

«ከማን ጋር ተጫውታችሁ? ከመዋዕለ ሕፃናት ጋር?»

«እናንተ ትናንት ስትደበደቡ አይቻለሁ'ኮ። የተደበደበ ሰው ወንበር ይጠይቃል?»

«በሦስት ነጥብ ነው! በዚያ ላይ ከአንደኛው ጋር! አንተ አንደኛውን በሕልምህም አላገኘኸው!» አለና ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። «ሹፌር፣ አንተ ምን ትላለህ?»

«ሁለታችሁም ጎበዞች ናችሁ» አልኩ።

«ይሄ ለምርጫ መወዳደር አለበት!» ብለው ሚስቶቹ ሳይቀሩ ሳቁ።

ትንሽ እንደሄድን ዝርዝሩ በስልካቸው መጣ። አራተኛው ቦታ ለቀጭኑ ቡድን ተሰጠ። ግዙፉ ስልኩን ገልብጦ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። እንዲሁ ቢተወው ምን ነበረበት! ቀጭኑ ግን ሚስቱን ጠቀስ አድርጎ «አይክፋህ፤ አንተ'ኮ በቤተሰባችሁም አምስተኛ ነህ። አባትህም ያውቁ ነበር» አለው። ለውዙ ከነውሃው ቫኑ ውስጥ ተበተነ። ግዙፉ በግራ እጁ የቀጭኑን አንገትጌ አንቆ ቀኙን ጨብጦ አነሳ። ሴቶቹ ጮኹ።

ቫኑን ዳር አስይዤ የጎኑን በር ከፈትኩ። በእኛ አገር ሁለት ሰው ሲጣላ አይቶ የሚያልፍ ሰው አይባልም። ጸጉሩ የሸበተ ከሆነማ ግዴታው ነው፤ መሀል ይገባል፣ እጅ ይይዛል፣ ይለምናል። እኔም ኮፍያዬን በግራ እጄ አውልቄ፣ በቀኜ የግዙፉን ሰው አንጓ ይዤ «በፈጠራችሁ! በእናታችሁ!» አልኩ፤ በአማርኛ። እጁን አወረደ። ኤርፖርት ደርሰን ሻንጣቸውን ሳወርድ «ቤተሰብ ናችሁ» አልኳቸው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ስመለስ ደስ ብሎኝ ነበር። አስታረቅኩ ብዬ።

በማግስቱ ማናጀሩ ጠርቶ ቁልፉን ተቀበለኝ። ግዙፉ ሰው «ሹፌሩ ጥቃት አደረሰብኝ» ብሎ ጽፏል። «የቫኑን ካሜራ ቪዲዮ አይቼዋለሁ፤ ይዘኸዋል» አለኝ። ላስረዳው ብሞክር እንግሊዝኛዬ ከዳኝ። የኳሱን ሁሉ ተምሬ፣ የሽምግልናውን አንዲት ቃል አላውቅም። «ሐሙስ ስብሰባ አለ፤ እስከዚያ ቤትህ ቆይ» ብሎ አሰናበተኝ።

እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። እህል እንቢ አለኝ። ከአፓርታማዬ እስከ አውቶቡስ መቆሚያው፣ ከዚያ መልሼ፣ ብቻዬን እያወራሁ ስመላለስ ዋልኩ። አንድ ቡድን ለምን አምስተኛ ሆነ ተብሎ ወር ሙሉ የሚጮህበት አገር፣ እኔን ሳይጠይቅ በአንድ ደቂቃ ይፈርድብኛል? አስካለ ስትደውል ስልኩን አላነሳሁም። ምን ልበላት? «ሁለት ቱጃሮች በኳስ ተጣልተው ያንቺ ወረቀት ቀረ» ልበላት? ሐሙስ ሄጄ የስም ባጁን ማናጀሩ ፊት ላይ ልወረውርለት ቆረጥኩ።

ረቡዕ ዛቻዬን በስልክ የሰማችው ወይዘሮ ዘነበች መጣች፤ እዚያው ሆቴል አንሶላና ፎጣ የምታጥብ፣ ጴንጤ ናት። እኔ ባለመጾሟ እቀልድባታለሁ፤ እሷ ደግሞ በጾሜ።

«ጋሽ ታደሰ፣ ባጁን ይወርውሩና ወይዘሮ አስካለን በምን ሊያመጧት ነው?» አለችኝ ገና ሳትቀመጥ።

«ተዪኝ እባክሽ! ተዋርጃለሁ!»

«ይቆጡ፤ መብትዎ ነው። ግን ምን እንዳደረጉ ያሳዩኝ።» ወንበሮቼን እንደ ቫን አስደርድራ፣ ራሷ እንደ ግዙፉ ሰው ተቀምጣ አስያዘችኝ። «ኮፍያዎስ የት ነበር?»

«በእጄ ነዋ። ኮፍያ ደፍቶ ይለመናል?»

ከወንበሩ ተነስታ «ነገ አብሬዎት እገባለሁ» አለች።

«አንቺንም ያባርሩሻል።»

«ያባርሩኛ።»

ሐሙስ ሦስት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ጠበቁን። ኮሚቴ! ቪዲዮው ድምፅ የለውም። ልመናዬ ሁሉ ጠፍቶ፣ አንድ ሽማግሌ ዘሎ ገብቶ የእንግዳ እጅ ጨምድዶ ሲይዝ ይታያል። እኔ ራሴ ዳኛ ብሆን እፈርድበት ነበር። ከኔ የተሻለ እንግሊዝኛ ያላት ዘነበች ብድግ አለች። «እዚህ ላይ አቁሙት። ግራ እጁን እዩ። በእኛ ዘንድ ሊመታ የሚሄድ ሰው ኮፍያውን አያወልቅም፤ ይሄ ሰው እየለመነ ነው» አለች። ቀጥላም ወደ ተነሳው ቡጢ እያመለከተች «ባይይዘው ይሄ የት ነበር የሚያርፈው?» አለች። ከሦስቱ አንዷ ሴት ወደ ስክሪኑ ተጠግታ ሁለት ጊዜ መልሳ አየችው።

ሥራዬን መለሱልኝ። ግን ዳግመኛ እንግዳ እንዳልነካ፣ ጠብ ካለ ፖሊስ ብቻ እንድጠራ አስፈረሙኝ። ይቅርታ ያለኝ የለም። ጥርሴን ነክሼ ፈረምኩ፤ የሥራ ደብዳቤዬንም ያዝኩ። አስካለ ከዚያ በሁለተኛው ዓመት፣ ዛፉ ሁሉ አበባ ለብሶ መኪናው በቢጫ ብናኝ በተሸፈነበት ሰሞን መጣች።

የዚያን ዓመት ዋንጫ ማን እንደበላ አላውቅም። ንዴቱ ግን ይኸው አለ፤ አርጅቷል እንጂ አልሞተም። ሳይሰማ የሚፈርድ ሰው ባየሁ ቁጥር ይነሳብኛል፤ ይነሳ፣ እኔም አላባርረውም። ከሁሉ የሚያናድደኝ፣ አሁን ሰው ሲጣላ ሳይ እጄን ኪሴ ከትቼ መቆሜ ነው። ያንን ያስፈረሙኝ እነሱ ናቸው። ብቻዬን ብገባ ኖሮ ግን ባጁን ወርውሬ፣ ሚስቴን ከባሕር ማዶ አስቀርቼ እወጣ ነበር። ተናድጄም እንዳልጠፋ ይዛ ያሻገረችኝ ወይዘሮ ዘነበች ናት።