ጋቢ ይዤ የሄድኩበት ሽርሽር

«ለሦስት ቀን ሽርሽር ጋቢ ይዞ የሚመጣ ሰው አንቺን አየሁ» አለችኝ ጓደኛዬ፣ ሻንጣዬን ገና ከመክፈቴ።

ጋቢው ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ከሥሩ የክረምት ሹራቤና ሁለት ጥንድ ጫማ፣ ከዚያ በታች ደግሞ በላስቲክ የጠቀለልኩት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ማስረጃዬ ነበር። ማስረጃውንም አይታዋለች። አይታ ዓይኗን ወደ ጋቢው መለሰች።

«ደብረ ብርሃን ይበርዳል» አልኳት፣ አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ፣ በሚያዝያ ሙቀት።

እሷና እኔ፣ እንዲሁም አብራኝ የመጣችው ሦስተኛዋ ጓደኛችን፣ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነበርን። እሷ ከሁለት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ገባች። ልደታ፣ ፍርድ ቤቱ አካባቢ ማመልከቻ ከሚጻፍባቸው ቤቶች በአንዱ ትጽፋለች፤ እዚያው ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራይታለች። የገና በዓል ሲደርስ በስልክ «ነይ፣ ሥራ አይጠፋም፣ ክፍሏም ለሁለት ትበቃለች» አለችኝ። ይህን ቃል አራት ወር ሙሉ ይዤው ከረምኩ። ለእናቴ ሦስት ቀን ነው አልኳት። ለሦስተኛዋም ሽርሽር ነው አልኳት፣ ለእሷ እውነትም ሽርሽር ነበር። እኔ ግን ለመቅረት ነበር የመጣሁት። ሳልጠይቃት የልደታዋ ጓደኛዬ ራሷ «ቅሪ» እንድትለኝ ነበር የምፈልገው።

የመጀመሪያውን ቀን በእግር ጨረስነው። ከልደታ ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ ላይ የታክሲ ሰልፍ፣ ከዚያ ሙዚየም፣ ከዚያ ፒያሳ፣ ከዚያ ፏፏቴ ያለበት አዲስ መናፈሻ። ሦስተኛዋ በየደረስንበት ስልኳን ትሰጠኛለች።

«አንሺኝ። ቆይ ቆይ፣ ሆዴ ወጥቷል። ድገሚው።»

እኔ እደግማለሁ። ተረከዜ ተልጧል። የልደታዋ ጓደኛችን ደግሞ ያላለቀ ማመልከቻ ጥላ እንደወጣች ሁሉ ከፊት ከፊት ትሮጣለች። ስለ ክፍሉ ልጀምር አፌን ስከፍት ጣቷን ትቀስራለች።

«ያንን ፎቅ አየሽው?»

«ምንድን ነው?»

«ባንክ።»

«ያኛውስ?»

«እሱም ባንክ ነው።»

ማታ ሦስታችን አንድ አልጋ ላይ ተደረደርን። እኔ ከግድግዳው በኩል ነበርኩ። ዕቃዬ የት የት ሊቀመጥ እንደሚችል በዓይኔ እየለካሁ እንቅልፍ ወሰደኝ።

በማግሥቱ እንጦጦ ወጣን። ሦስተኛዋ ለፎቶ ብላ እጅጌ የሌለው ቀሚስ ለብሳ ስለነበር ዛፉ ሥር ሆና ተንቀጠቀጠች። «አሁን ነበር ያ ጋቢ» አለች የልደታዋ፣ ሁለቱም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ደክሞኛል፤ ሲደክመኝ ደግሞ ነገር መሸፈን አልችልም።

«ስሚ፣ እኔ ዛፍ ለማየት አልመጣሁም። ዛፍ እኛም አገር አለ። ስለ ክፍሉ ንገሪኝ።»

ፀጉሯን ከፊቷ መለስ አደረገች። «ነገ የልደታ በዓል ነው። ሥራም የለኝ። ረጋ ብለን እናወራለን» አለችኝ። ወደ ታች ለመውረድ ታክሲ ስንጠብቅ ሦስተኛዋ ፎቶዎቿን እየመረጠች ታጠፋ ነበር።

ግንቦት አንድ ጠዋት ሰፈሩ በነጭ ተሞላ። ወደ ልደታ ማርያም የሚወስደው መንገድ ለመኪና ተዘግቶ ነበር። ግቢው ውስጥ ደግሞ አከራይዋ እትዬ ድስት ጥደው፣ ጎረቤቱ ሰሌን አንጥፎ፣ ስንዴና ባቄላው ይንፈቀፈቃል። የልደታ ንፍሮ ደጅ ተቀቅሎ ደጅ ይበላል፤ ቤት አይገባም። እኛም አገር እንዲሁ ነው።

እኔ ከንጋት ጀምሮ ውሃ ቀዳሁ፣ ሳህን አጠብኩ፣ ግቢ ጠረግኩ። ለማርያም ብዬ አይደለም። እትዬ እንዲያዩኝ ነው። አዩኝ። ንፍሮው ሲታደል መጀመሪያ ለእኔ እጄ ሙሉ ሰጡኝና በሰው ሁሉ ፊት መረቁኝ።

«ጎበዝ ልጅ። እንዳንቺ ያለች ተከራይ ማን በሰጠኝ። ምን ይደረግ፣ የጓደኛሽ እህት ሐምሌ ላይ ትገባለች፣ ለሦስት ደግሞ ክፍሏ አትሆንም። በይ ለመንገድሽ ብዪ፣ ዛሬ ትሄዳላችሁ ብላኛለች።»

ወደ ጓደኛዬ ዞርኩ። ንፍሮዋን እያየች ነበር።

ተነሣሁ። ሻንጣዬን ይዤ ለመውጣት ወደ ክፍሏ ስራመድ ከሰሌኑ ላይ አንዲት ጎረቤት «ኧረ ንፍሮውን ይዘሽ አትግቢ ልጄ፣ ጨርሰሽ ግቢ» አሉኝ። እፍኜን አየሁት። ሙሉ ነው። መሬት አይደፋ ነገር፣ በዓል ነው። እዚያው በሩ ላይ ቆሜ ማላመጥ ጀመርኩ። ስንዴው በደንብ አልበሰለም ነበር።

ጓደኛዬ መጥታ አጠገቤ ቆመች። የእሷም እፍኝ አላለቀም።

«እህትሽ እንደምትመጣ ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ከፋሲካ በፊት ነው እናቴ የደወለችው። እምቢ ልላት አልችልም።»

«ስልክ አልነበረሽም?»

«ነበረኝ።»

«እና?»

«ብነግርሽ አትመጪም ነበር።»

«አልመጣም ነበር።»

«በቃ። ናፍቀሽኝ ነበር።»

ባቄላ ባቄላውን መርጬ በላሁ። ከዚያ ስንዴውን። ሦስተኛዋ ከሰሌኑ ላይ ሆና ስልኳን ወደ እኛ ዘርግታ ነበር፤ ፊቴን ስታይ መለሰችው።

«ማስረጃውን ያየሽ ቀን ልትነግሪኝ ትችይ ነበር» አልኳት።

«እሱን ሳይ እኮ ነው ያቃተኝ» አለች።

እፍኜ አለቀ። እጄን ቀሚሴ ላይ ጠረግኩና ገባሁ። ሹራቡን፣ ጫማዎቹን፣ ማስረጃዬን መልሼ ከተትኩ። ጋቢው አልገባ አለኝ። ሁለቴ ሞከርኩና ትከሻዬ ላይ ጣልኩት።

«የማታውን አውቶቡስ አልነበር ያልነው?» አለች ሦስተኛዋ።

«አንቺ በማታው ነይ።»

እትዬን ጎንበስ ብዬ ተሰናበትኳቸው። ጓደኛዬ «እስከ ሜክሲኮ ልሸኝሽ» ብላ ነጠላዋን አነሣች።

«ቁጭ በይ። እፍኝሽን ጨርሺ» አልኳት።

ከግቢው ስወጣ ፀሐዩ ከርሯል፣ ጋቢው ጀርባዬን ያቃጥለኛል። ከዘራ የያዙ አንድ እናት ነጭ ለብሼ ሲያዩኝ ከቤተ ክርስቲያን የምመለስ መሰላቸው።

«ታቦቱ ገባ ልጄ?» አሉኝ።

«አላውቅም እማማ» አልኳቸው። ሻንጣውን ወደ ሌላው እጄ አዛወርኩና፣ መንገዱ ስለተዘጋ ወደ ሜክሲኮ በእግሬ ሄድኩ።