ደም ሥሮቼ ባይሰሙም

ሰው ሲገባ ከተቀመጥሁበት እነሣለሁ። ልማዱን የወረስሁት ከአባቴ ይመስለኛል፤ ነገር ግን ትዝታዬን እንደ ምስክር ማቅረብ ካቆምሁ ቆይቻለሁ። የማልጠራጠረው መውደቄን ብቻ ነው። የምኖረው በባሕር ማዶ፣ አሊያንቴ በሚባል ሰፈር፣ በልጄ ቤት ነው፤ በአራት ዓመት የሚበልጡኝ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ አንድ ቀን ሊጠይቁኝ ሲገቡ ብድግ ብዬ ምንጣፉ ላይ ወደቅሁ። «ኖር» ብዬ እንደ ነበር ይናገራሉ፤ እኔ አላስታውስም።

ልጄ ነርስ ናት። የደም ግፊቴን ተኝቼም ቆሜም ለክታ በማግሥቱ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ሐኪሙ ወጣትና ትሑት ነበር። ሰው ሲቆም ኖርአድሬናሊን የሚባለው ሆርሞን የደም ሥሮችን ጡንቻ «ተኮማተሩ» እያለ ያዝዛል፤ የእኔዎቹ ግን ትእዛዙን መስማት ትተዋል አለኝ። ይህንኑ ለሠላሳ ዓመት ያህል ማስተማሬን ሳልነግረው አስጨረስሁት። ከዚያ በኋላ ያለ ደጋፊ እንዳልነሣ ተከለከልሁ፤ ተሽከርካሪ ወንበርም መጣልኝ።

እንግዳ ዘወትር «አይነሡ» ይላል፤ እኛም ዘወትር እንነሣለን። አሁን ግን ሁሉም የምር ይሉኝ ጀመር። ይህን አልቀበልም አልሁ።

በቤተ ሙከራ የጥንቸል ደም ሥር ቁራጭ በጨው ውሃ ውስጥ አንጠልጥለን ሆርሞኑን እናንጠባጥብበት ነበር። በመጀመሪያው ጠብታ ይኮማተርና ከእርሱ ጋር የተያያዘው መመዝገቢያ ብዕር ወረቀት ላይ ከፍ ያለ መስመር ይስላል። ደጋግመን ስንጠራው ጥሪውን የሚቀበሉት በሮች ወደ ሕዋሱ ውስጥ ይሸሻሉ፤ መስመሩም ዝቅ ይላል። አጥበን ካሳረፍነው በኋላ እንደገና ከፍ ይል ነበር፤ ወይም ከፍ እንዲል ስለ ፈለግሁ እንዲህ ይታወሰኝ ይሆናል። የእኔ ደም ሥር ደግሞ ያረጀ እንጂ የታጠበ አይደለም። ቢሆንም ለእንግዳ መነሣትን ለአንድ ጡንቻ ድካም አላስረክብም።

ስለዚህ አነሣሤን ለወጥሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሽማግሌው መኪና በመስኮት ስትታየኝ ወንበሬ ጫፍ ላይ እወጣለሁ፤ ደሙ ወደ ላይ እንዲወጣ የባቶቼን ጡንቻ እያጠበቅሁ እፈታለሁ፤ ግድግዳውን ይዤ በዝግታ እቆማለሁ። ሽማግሌው መኪናቸውን ፓርክ አድርገው በር እስኪደርሱ ረጅም ጊዜ ይፈጃሉ። የእርሳቸው እርጅና ለእኔ ጊዜ ይሰጠኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ከሺፍት ተመልሳ ቆሜ አገኘችኝ።

«አባዬ፣ ፕሬሸርህን ቼክ አድርገሃል?»

አድርጌ ነበር፤ ቁጥሩን ግን አልነገርኋትም። ክርኔን ሳትይዝ፣ እጇን ከጀርባዬ ትንሽ አርቃ ቆመች። በሩ ተከፈተ።

«ኖር!» አልሁ።

«በእግዜር፤ አይነሡ እንጂ። ቢወድቁ የማነሣበት ጉልበት የለኝም» አሉ ሽማግሌው እያለከለኩ።

ቅርብ የነበረው መቀመጫ የተነሣሁበት ተሽከርካሪ ወንበሬ ነው። ወደ እርሳቸው ገፋ አድርጌ እንዲቀመጡበት ጋበዝኋቸው፤ እርሳቸውም ሳያቅማሙ ተቀመጡበት። ተደላድለው እስኪጨርሱ እኔ ቆሜ ቆየሁ።