የቆርቆሮው ፎቶ

ስምረት በባዕድ አገር፣ ኢስት ኮልፋክስ በተባለ ጎዳና ላይ ባለው ስቱዲዮዋ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ዘዴ፣ በቆርቆሮ ላይ ፎቶ ታነሳለች። ያን ቀን የመጡት ሽማግሌ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ተቀመጡ።

«አባባ፣ ስምንት ሰከንድ እንዳይንቀሳቀሱ» አለቻቸው።

ጭንቅላት የሚደግፈው ብረት ከኋላ ሲነካቸው ደንገጥ ብለው ጉልበታቸውን ጨበጡ፤ ዓይናቸው እንባ ቢያቀርርም አልጨፈኑም። ምስሉ ወጥቶ ሲደርቅ ከጀርባው ልትጽፍ «ስምዎን ማን ልበል?» ብላ ጠየቀች።

በሩን ገልመጥ አደረጉ።

«መታወቂያዬ ላይ ያለው የሟች ጓደኛዬ ስም ነው፤ በእሱ ወረቀት ነው ከስደተኞች ካምፕ የወጣሁት» አሉ በሹክሹክታ። ከዚያም ለሠላሳ ዓመት ማንም ያልጠራውን እውነተኛ ስማቸውን ነገሯት።

ስምረት ጻፈችው።

«እስቲ ጮክ ብለሽ አንብቢው» አሉ።

ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበችው።

«አቤት» አሉ ሽማግሌው።