በሽርጡ ኪስ የተገኘችው ቅርንፉድ

ልብስ ከማጠቤ በፊት ኪስ እፈትሻለሁ። አንድ ጊዜ የተረሳ እስክሪብቶ የባለቤቴን ነጭ ሸሚዝ አበላሽቶብኛል፤ ከዚያ ወዲህ ሳልፈትሽ ውሃ አላስነካም። ባለፈው እሁድ የልጄን ቅያሪ የሥራ ልብስ ልነክር ስል ከሽርጧ ኪስ ጥግ አንዲት ጠንካራ ነገር ጣቴን ወጋችኝ። ሳወጣት ቅርንፉድ ናት። ጫፏ ተነክሷል።

ልጄ ሆቴል ሥራ የጀመረችው በቅርቡ ነው። ሳፋው አጠገብ ቁጭ ብዬ ቅርንፉዷን አሸተትኳት። እጄ እርጥብ ስለነበር ሽታው ቶሎ ወጣ።

እኔም በእሷ ዕድሜ አስተናጋጅ ነበርኩ። ሆቴሉ አውቶቡስ ተራ አጠገብ ነው፤ ታች ምግብ ቤት፣ ላይ አልጋ። ጎህ ሲቀድ የአውቶቡሶቹ ጡሩምባ መስታወቱን ያንቀጠቅጠዋል። በሩ በተከፈተ ቁጥር የናፍጣ ጭስ ይገባና ከወጥ ቤቱ ቁሌት ጋር ይደባለቃል። ዛሬም የናፍጣ ሽታ ሲመጣብኝ ይርበኛል።

ከሁላችንም በፊት እዚያ ሥራ የገቡ አንዲት አስተናጋጅ ነበሩ። ዕድሜያቸው ከእናቴ ያን ያህል አያንስም። እትዬ እንላቸው ነበር። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ መንገደኛ ሳህኑን ገፍቶ፣ "ስሚ አንቺ! ይሄ ጥብስ ነው ጎማ?" ብሎ በሰው ፊት ጮኸብኝ። እንባዬ መጣ። እትዬ ደርሰው ሳህኑን አነሱና፣ "ይቅርታ ጌታዬ፣ አሁን እናስተካክላለን" ብለው ፈገግ አሉለት። ሰውየው ራሱ አፈረ። ወጥ ቤት ስንገባ ግን፣ "ጎማማ ቢሆን ጎሚስታ ጋ እንልከው ነበር!" ብለው ሁሉንም አሳቁ። ከዚያ ከሽርጣቸው ኪስ ቅርንፉድ አውጥተው አፌ ውስጥ ከተቱልኝ።

"ሲከፋሽ በመንጋጋሽ ነከስ አድርጊያት። ስታቃጥልሽ ሐሳብሽ ወደ እሷ ይሄዳል። ፊትሽን ለእንግዳው ተይለት።"

"ሲያልቅብኝስ?"

"መርካቶ ተቀምጠሽ ቅርንፉድ ሊያልቅብሽ!"

ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሳህን በክንድ ደርድሮ መያዝ፣ የጠጣ ሰው እጄን ሲይዘኝ ሳላስቀይም ማላቀቅ፣ ወንድሜ ታሞ በተኛበት ቀን ሳይቀር "እንኳን ደህና መጡ" ማለት፣ ሁሉንም ከእሳቸው ተማርኩ። ከሰዓት ሰው ሲቀንስ ጓዳ ገብተው ያበጠ እግራቸውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ይነክሩ ነበር። ያን ጊዜ ፊታቸው ሌላ ነው፤ የደከመ፣ የተኮሳተረ። እኔ ያንን ፊት ነበር የምወደው። ለእኔ ብቻ የሚያሳዩት ይመስለኝ ነበር።

አንድ ነገር ይመኙ ነበር። ከመግቢያው በስተግራ የአልጋ ቁልፎች የተሰቀሉበት ባንኮኒ አለ፤ ከኋላው ወንበር። እንግዳ ተቀባዩ በቀረ ቁጥር የሚተኩት እሳቸው ነበሩ። ጽሕፈታቸው ከእሱ ያምራል።

"እዚያ ወንበር ላይ ስቀመጥ ሻይ ታመጪልኛለሽ" ይሉኛል።

"ስኳሩ ስንት ይሁን እትዬ?"

"እንደ እንግዳ ጠይቂኛ! ፈገግ በይ!"

እንግዳ ተቀባዩ አንድ ቀን ሥራውን ለቀቀ። ቦታው የማን እንደሚሆን የሚጠራጠር ሰው አልነበረም። እትዬ በማግስቱ ፀጉራቸውን ተሠርተው መጡ። የሆቴሉ ባለቤት ሁለታችንንም ባንኮኒው ጋ ጠሩን። ጋሼ ነበር የምንላቸው።

"ከሰኞ ጀምሮ እዚህ የምትቀመጪው አንቺ ነሽ" አሉኝ።

የተሳሳቱ መሰለኝ። እኔ ስድስተኛ ክፍል አቋርጬ የወጣሁ ነኝ። "እትዬስ ጋሼ?"

"እሷ ምግብ ቤቱን ትያዝ። እንግዳ በር ላይ ለጋ ፊት ሲያይ ነው ደስ የሚለው።"

እትዬ አጠገቤ ቆመው ይሰማሉ። ውጭ ወያላው "መሳለሚያ! መሳለሚያ!" እያለ ይጮኻል። እጃቸው ወደ ሽርጣቸው ኪስ ሲገባ አየሁ። ከዚያ አቀፉኝ።

"እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ!"

ጉንጬን ሲስሙኝ ትንፋሻቸው ቅርንፉድ ቅርንፉድ አለኝ። ቀና ብዬ ሳያቸው ፈገግታቸው ያ ለጥብሱ ሰውዬ ያሳዩት ነበር።

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ደመወዜም ከፍ አለ፤ በቤታችን ያን ያህል የሚያገኝ ሰው አልነበረም። ከሰዓት እትዬ ሻይ ያመጡልኛል። "ስኳሩ ስንት ይሁን?" ይሉኛል፣ ፈገግ ብለው። ጓዳ ስገባ እግራቸውን ከውሃው አውጥተው ይነሱልኛል። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ፣ "እትዬ፣ ቦታው እኮ የእርስዎ ነበር" አልኳቸው።

"ምን ሆነሻል? ደስ ብሎኛል አልኩሽ እኮ" አሉኝ።

ቢቆጡኝ፣ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ሥራ ለቀቁ። ሁላችንንም ስመው ተሰናበቱን፤ እኔንም እንደ ሌሎቹ። ከዚያ በኋላ ወሬያቸውን እንኳ አልሰማሁም። አሁን ሆቴሉም ፈርሷል። በዚያ ሳልፍ ባንኮኒው የት ጋ እንደነበር መለየት ያቅተኛል።

ይህን ለልጄ ነግሬያት አላውቅም። የሆቴል ሥራ ተምራ የምስክር ወረቀት ስታመጣ፣ እሷ እንኳ ቅርንፉድ አያስፈልጋትም ብዬ ነበር። ማን አሳያት? የሥራ ጓደኞቿ ይሆናሉ። ከእኔው የቅመም ቆርቆሮ የወሰደችም ይሆናል።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ በር በሩን ሳይ ልጄ ከሥራ መጣች።

"እንዴት ዋልሽ?"

"በጣም ጥሩ እማ! አለቃዬ በርቺ፣ ታድጊያለሽ ብላኛለች።" ፈገግ አለች። ዓይኗ ቀልቷል።

"የኔ ልጅ፣ ቤትሽ እኮ ነው ያለሽው።"

"ምን ሆነሻል እማ? ደስ ብሎኛል እያልኩሽ!"

ውሃ ለብ አድርጌ ሳፋውን እግሯ ሥር አስቀመጥኩላት። ትንሽ ቆማ ጫማዋን አወለቀች። እኔ ጀርባዬን ሰጥቻት የደረቀውን ሽርጥ መተኮስ ያዝኩ። ውሃው ሲንቦጫረቅ ሰማሁ፤ ከዚያ ረጅም ትንፋሽ። ፊቷን ማየት አማረኝ። ግን ዞር ካልኩ ያን ፈገግታ መልሳ ታመጣዋለች ብዬ ፈራሁ።

ሽርጡን አጠፍኩ። የተነከሰችዋን ጣልኩና ከቆርቆሮዬ ራሷ ያልረገፈ አንዲት ቅርንፉድ መርጬ ኪሱ ጥግ ውስጥ ከተትኩላት።