ከስልሳ አራት ባቄላ አንዷ

ትልቁ ልጄ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ከሞተ ወዲህ፣ ሊነጋጋ ሲል በር ከተንኳኳ ወዲያው አልከፍትም። የእሱን መርዶ ይዘው የመጡት ሽማግሌዎች በዚያ ሰዓት ነበር ያንኳኩት። ጎረቤት ለወተት ቢመጣ እንኳ መጀመሪያ በመስኮት ስንት ሰው እንደቆመ አያለሁ። አንድ ሰው ከሆነ እከፍታለሁ። ለብቻው መጥቶ መርዶ የሚነግር የለም።

ታናሹ ያን ጊዜ ገና ተማሪ ነበር። ሬሳው ሲመጣ ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነው። ያን ሳጥን የተሸከመ ትከሻ እዚያ አገር አይሄድም ብዬ ልቤን አሳርፌ ነበር። ትምህርቱን ጨረሰ፣ ሥራ ሲያጣ እዚሁ ሆሳዕና የሰው ባጃጅ መንዳት ጀመረ። አንድ ቀን ምሳ እየበላን፣ ዱራሜ ካለ ደላላ ጋር መነጋገሩን ነገረኝ። ደላላው ደቡብ አፍሪካ ድረስ የሚያደርሰው በሦስት መቶ ሃያ ሺህ ብር ነው።

ለወንድሙ መንገድ ፎንቆ ገጠር የነበረንን መሬት እንደሸጥን፣ አሁን መሬት እንደሌለ፣ ቢኖርም እንደማልሸጥ ነገርኩት። አልተቆጣም።

«ካንቺ ምንም አልፈልግም፣ እማ» አለኝ። «በካርታ አወጣዋለሁ።»

ካርታ የሚለው በስልክ የሚጫወቱትን ነው። ከሰፈራችን በታች ባለው ቤቲንግ ቤት ጎረምሶች ተሰብስበው ኳስ ይወራረዳሉ። እሱም እዚያ ነው የለመደው። ምን እንደሚመስል አሳየኝ ስለው ሥራውን እንደሚያስረዳ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ አሳየኝ። ስክሪኑ አምስት ካርታ ያወጣል። የፈለገውን ይይዛል፣ የቀረውን ይቀይርለታል። ከገጠመ ይከፍለዋል፣ ካልገጠመ ይወስድበታል። ሌሎቹ ዝም ብለው እንደሚነካኩ፣ እሱ ግን አስልቶ እንደሚጫወት ነገረኝ። ከባጃጁ አምስት ሺህ ብር ያጠራቅማል። አምስቱ አሥር፣ አሥሩ ሃያ እያለ ስድስት ጊዜ ከታጠፈለት ሦስት መቶ ሃያ ሺህ ይሞላል። ከተበላ እንደገና ከአምስት ይጀምራል። «ስድስት ደረጃ ናት» አለኝ፣ ፎቅ እንደሚወጣ ሰው።

እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ስለ ዕጣ የማውቀው ግን ነበረኝ። ከዳምቦያ ቅቤ እያመጣን የምንሸጥ ሴቶች እቁብ አለን፣ ዕጣ የሚወጣበትን ጣሳ የምይዘውም እኔ ነኝ። በጣሳው ውስጥ የሁላችንም ስም በወረቀት ተጠቅልሎ አለ። የወጣላት ሴት ወረቀቷ ይቀደዳል፣ ሌሎቹ ለሚቀጥለው ይቆያሉ። ስለዚህ ብዙ የጠበቀች ሴት ወደ ተራዋ ትቀርባለች። መጨረሻ ላይ የቀረችው ዕጣ ማውጣት እንኳ አያስፈልጋትም። ለእኔ ዕጣ ማለት ይኼው ነበር፤ የቆየ ይደርሰዋል።

ስለዚህ ልጄ ተበልቶ አንገቱን ደፍቶ ሲገባ እኔ እደነግጥ ነበር። አንድ ወረቀት ተቀደደ፣ ተራው ቀረበ እላለሁ። ትንሽ አግኝቶ ሲመጣ ደግሞ ዕድሉን በትንሹ ጨረሳት ብዬ ደስ ይለኛል፣ ዶሮ ወጥ ቢሆን እንኳ እሠራለሁ። እሱ ነገሩን በራሱ መንገድ ተረዳው።

«እማ፣ አንቺም ገባሽበት እኮ» እያለ ይስቅብኛል። «አካውንት ልክፈትልሽ?»

ከእቁብተኞቻችን አንዷ ቅቤ ባትሸጥም የገባች ሂሳብ አስተማሪ ናት። አንድ ቅዳሜ እቁቧን ልትከፍል ስትመጣ የልጄን ነገር አጫወትኳትና ተራው ምን ያህል እንደቀረበ ጠየቅኳት። መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ጣሳውን ከእጄ ወሰደች። አንድ ወረቀት አወጣች፣ አየችው፣ መልሳ ጨመረችው። ነቀነቀችና እንደገና አወጣች።

«የእሱ እንዲህ ነው» አለችኝ። «እዚያ ወረቀት አይቀደድም። መቶ ጊዜ ቢበላም ማሽኑ አያስታውሰውም። ተራ የሚባል ነገር የለም፣ እህቴ።»

ታዲያ ምን አለ አልኳት። ባቄላ አምጪ አለችኝ፣ ስልሳ አራት ቆጥረን ወንፊት ላይ ዘረጋን። እነዚህ ሁሉ ልጅሽ ናቸው እንበል፣ ሁሉም በአምስት ሺህ ብር ይጀምራሉ አለችኝ። የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ግማሹ ይበላል ብላ ሠላሳ ሁለቱን ጠረገች። ከዚያ አሥራ ስድስት፣ ከዚያ ስምንት፣ አራት፣ ሁለት። ስድስተኛው ላይ አንዲት ባቄላ ወንፊቱ መሀል ቀረች። ይኼም ማሽኑ ለራሱ ባይቆርስ ነው፣ ስለሚቆርስ ግን ከሰማንያ አንዱ በይው አለችኝ።

ያን ቀን ቀለለኝ። የተጠረጉትን ባቄላዎች እያየሁ፣ እነዚህ ሁሉ ቤት የሚቀሩ ልጆቼ ናቸው አልኩ። አስተማሪዋ ስትወጣ ግን በር ላይ ቆም ብላ፣ የተጠረገው እኮ በዚያ አያበቃም፣ አምስት ሺህ ባገኘ ቁጥር ተመልሶ ወንፊቱ ላይ ይወጣል አለችኝ። ዕድሉ በየጊዜው ያው ትንሽ ነው፣ መሞከሩ ግን ማለቂያ የለውም።

ከዚያ በኋላ ፍርሃቴ ዓይነቱ ተለወጠ። በፊት ተራው መቼ ይደርስ ይሆን እያልኩ እጠብቅ ነበር፣ የሚጠበቅ ነገር ደግሞ መጨረሻ አለው። አሁን ግን ማንኛውም ቀን ያው ቀን ሆነ። ልጄ ሻይ እየጠጣ ስልኩን ሲያይ፣ ከባጃጁ ወርዶ በር ላይ ቆሞ ሲያይ፣ ያቺ አንዲት ባቄላ ትታየኝ ነበር። ሌሎቹን ለሹሮ አስፈጭቻቸዋለሁ። እሷን ግን ከእነሱ ጋር መጨመር ፈራሁ። መጣልም ፈራሁ። ልብሱን ሳጥብ ወንድሙ የለበሰው እየመሰለኝ ኪሱን ፈትሼ አጥባለሁ።

በሴቶች ጸሎት ፕሮግራማችን እያንዳንዳችን የጸሎት ርዕስ እንሰጣለን። እኔ «ስለ ልጄ» ብቻ አልኩ። ይክሰርልኝ ብሎ ማን ይናገራል? የምትመራን እህት እጄን ይዛ፣ እጁ የነካው ሁሉ ይከናወንለት ብላ ጮክ ብላ ጸለየች። ሁሉም አሜን አሉ። እኔ ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቀስኩ።

ያ የፈራሁት የደረሰው ከመኸር በኋላ ነው። ቀትር ላይ ባጃጁን አጥፍቶ ሳይቆልፍ ገባና ስልኩን ፊቴ አደረገው። ሦስት መቶ ሃያ ሦስት ሺህ ይላል። እንደማይቀመጥ ባውቅም ወንበር ሳብኩለት፣ አልተቀመጠም። ሦስቷ ሺህ ለመንገድ እንደማትበቃው፣ አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ ተጫውቶ የኪሱን ሊያወጣ እንደሆነ ነገረኝ። አውራ ጣቱ ስክሪኑ ላይ ነበር።

ወንፊቱን አውቃለሁ። ዝም ብል ጥቂት ቆይቶ ከተጠረጉት ጋር እንደሚሆን አውቃለሁ። ያን ጊዜ አይሄድም። ነገር ግን ፊቱን አየሁት። ከስቷል፣ ዓይኑ ወደ እኔ ሲዞር እንኳ ስክሪኑን ጥሎ አይመጣም ነበር። ይኼ ልጅ ቢቀር ለማን ይቀራል አልኩ በሆዴ።

«አውጣው» አልኩት። «አሁኑኑ ወደ ባንክህ አውጣው። ደግመህ አትንካው።»

ቀና ብሎ አየኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ ነው እንዲያ ያየኝ።

«ሂድ እያልሽኝ ነው፣ እማ?»

«አትጫወት ነው ያልኩህ።»

«ካልተጫወትኩ እኮ እሄድበታለሁ።»

«ገብቶኛል» አልኩት።

አጠገቤ ቆሞ አወጣው። ጨዋታውን ከስልኩ አጠፋ፣ ማጥፋቱንም አሳየኝ። ወደ ዱራሜ የሄደው በማግስቱ ነው። ገንዘቡን እዚሁ ባጃጅ እንዲገዛበት ለመንኩት፣ በቸርቻችን ፓስተርም አስለመንኩት። እሺ የሚል ፊት እያሳየ ሻንጣውን አዘጋጀ። ከሌሎቹ ተጓዦች ጋር የሚነሱበት ቀን መኪና ድረስ ልሸኘው ስል፣ እንዳታለቅሺብኝ ብሎ ከደጅ መለሰኝ።

ደርሷል። መንገድ ላይ የሆነውን አይነግረኝም፣ እኔም አልጠይቅም። ወንድሙ ይሠራበት እንደነበረው ያለ ሱቅ ውስጥ፣ በብረት ፍርግርግ ጀርባ ይሸጣል። እሁድ ከቸርች ስመለስ ይደውላል። ድምፁ ደህና ነው። የወንድሙም ድምፅ ደህና ነበር።

ከገበያ ስመለስ በቤቲንግ ቤቱ በኩል ማለፍ አመል ሆኖብኛል። ጎረምሶቹ ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው ስክሪን ያያሉ። አንዳንድ ቀን ከመሀላቸው የአንዱ ማጅራት የእሱን ይመስላል። እስኪዞር ቆሜ እጠብቃለሁ። ባለፈው እንዲሁ ብዙ ስቆም ከልጆቹ አንዱ ወጥቶ ዘንቢሌን ያዘልኝ።

«ማንን ፈልገው ነው፣ እማማ?» አለኝ።

የታናሹን ልጄን ስም ነገርኩት። ዞሮ ጓደኞቹን ያያቸው ጀመር።

«ዛሬ አልመጣም መሰለኝ» አልኩት።