ንስር የተፈተነበት አሻራ

የጣት አሻራ መርማሪውን ባልደረቦቹ «ንስር» ይሉታል፤ እሱም ይህን ሲሰማ ደረቱን መንፋት ይወድ ነበር። አንድ ጠዋት፣ አብራው ሥራ የጀመረችው አለቃው ጠረጴዛው ድረስ መጣች።

«ትናንት ‹ለመወሰን አይበቃም› ያልከው አሻራ ትዝ ይልሃል?»

«አዎ፣ ግማሹ ጠፍቷል እኮ!»

«ባለፈው ወር ያንኑ አሻራ ‹የተጠርጣሪው ነው› ብለህ ፈርመሃል። ትናንት ሳታውቅ ከሌላው ሥራህ ጋር መልሼ የቀላቀልኩብህ እኔ ነኝ።»

ንስር ፊቱ ፍም መሰለ። «ምነው እቴ፣ ወጥመድ ታጠምጂብኛለሽ?»

«ወንድሜ፣ ያኔ ፖሊሶቹ ‹ሌባው እሱ ነው፣ እርግጠኞች ነን› ብለውህ ነበር። ትናንት ግን ማንም ምንም አላለህም። ዓይንህ ያው ነው፤ የተለየው ጆሮህ የሰማው ነው።»

ተጠርጣሪው ከታሰረ ሰንብቷል፤ ከዚያ ፊርማ ሌላ ማስረጃም አልተገኘበትም። ንስር ይህን ሲያስብ አሻራው በሌላ ሰው እንዲታይ ጠየቀ።

ስለ ጉዳዩ ምንም ያልሰማች ሌላ መርማሪ አሻራውን አየችና እሷም «አይበቃም» አለች። የተስተካከለው ውጤት ለፍርድ ቤት ደረሰ፤ ሰውየውም ወደ ልጆቹ ተመለሰ።

ያን ዕለት ንስር የአለቃውን በር አንኳኳ።

«እህቴ፣ እንኳንም አጠመድሽብኝ! ዕድሜ ይስጥሽ! የሰው ዕንባ ተሸክሜ ልኖር ነበር።»

«ታዲያ ኩርፊያው የት ገባ?»

«ከንስሩ ጋር በረረ! ብቻ አደራ፣ ደግመሽ ቀላቅይብኝ። መቼ እንደሆነ ግን እንዳትነግሪኝ።»