ማረፊያ የሌለው ዘፈን

ሥራ የጀመርኩት አብነት ሰፈር ውስጥ የድምፅ መሣሪያ በሚያከራይ ሱቅ ነበር። በፊዚክስ ተመርቄ የመጣሁ ስለነበርኩ፣ ባለቤቱ ጋሽ ከድር በመጀመሪያው ቀን ያዘዙኝ ስፒከር እንድሸከም ነው። እኔ የማስታውሰው እንደዚያ ነው፤ እሳቸው ግን ሻይ ጋብዘውኝ እንደነበር ይምላሉ።

«ዲጄነቱን በሙከራ አይሃለሁ» አሉኝ። «ሕጌ አንድ ነው። በሁለት ዘፈን መሐል ዝምታ ከሰማሁ ተሰናብተሃል። ዝም ሲል ሰው ቤቱ ትዝ ይለዋል።»

ሕጉን እንደ ሳይንስ ያዝኩት። በቤቴ የምለማመደው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ነበርና ሁለት ዘፈን ስፌቱ ሳይታወቅ ማያያዝ ምን እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። አንደኛው ፍጥነት ነው፤ የሁለቱ ምት በደቂቃ እኩል እስኪሆን አንዱን ማፍጠን ወይም ማዘግየት። ሁለተኛው ቅኝት ነው፤ የማይስማሙ ድምፆች ከተደራረቡ ምቱ እኩል ቢሆንም ጆሮ ይቆጣል።

የኮምፒውተሩ ፕሮግራም የሚያውቀው የፈረንጅን ቅኝት ብቻ ስለነበር አንቺሆዬን በሰማ ቁጥር ሌላ ስም ያወጣለት ነበር። ስለዚህ ዘፈኖቹን በጆሮዬ መደብኩ። አምባሰልና ትዝታ ሚነር የተባሉት ቅኝቶች ያንኑ አምስት ድምፅ ሊጋሩ እንደሚችሉ፣ የሚለያቸውም ዜማው የሚያርፍበት ድምፅ ብቻ እንደሆነ የተረዳሁ ዕለት ራሴን እንደ ተመራማሪ ቆጠርኩ። ማረፊያው ከተሸሸገ አንዱ ሌላውን ሲተካ ማንም አያውቅም።

ቋሚ ሠራተኛ መሆኔ የሚወሰነው በአንድ የመልስ ድግስ ነበር፤ ልደታ ኮንዶሚኒየም ግቢ፣ ድንኳን ውስጥ፣ ከምሳ በኋላ። ጋሽ ከድር ወንበር ስበው ከጎኔ ተቀመጡ። የሙሽራዋ አባት አቶ በየነ የሙሽራውን እናት ወይዘሮ ጽጌን ለጭፈራ አስነሡ። እኔም ከሥር የኤሌክትሮኒክ ከበሮ አስገብቼ ጀመርኩ። ፍጥነቱን በየዘፈኑ ጥቂት ጥቂት ጨመርኩ፤ እንዲህ ያለውን ጭማሪ ጆሮ አያስተውለውም። ጉልበት ግን ያስተውላል።

ያላሰብኩት ነገር ይሉኝታ ነበር። የልጁን አማት ለጭፈራ ያስነሣ ሰው ዘፈኑ ሳያልቅ አይቀመጥም፤ የተነሣችውም ቀድማ ብትቀመጥ ንቀት ይሆናል። ሁለቱም የዘፈኑን ማለቅ ይጠብቃሉ። ዘፈኑ ደግሞ፣ ለጥበቤ ምስጋና ይግባውና፣ አያልቅም።

«ደከመዎት እንዴ?» አሉ ወይዘሮ ጽጌ ላባቸውን እየጠረጉ።

«እኔ? ገና መሞቄ ነው! እርስዎ ካልደከመዎት…»

«ኧረ እኔስ ምን ጨፈርኩና!»

በመጨረሻ አቶ በየነ ትከሻቸውን ሳያቆሙ፣ እየጨፈሩ ወደ ጠረጴዛዬ መጡ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ዘፈን ሙሽሮቹ ልጅ ሲድሩ ነው የሚያልቀው?»

«አባባ፣ ይሄ እኮ አምስተኛው ነው» አልኩ በኩራት። ስድስተኛውም ሊሆን ይችላል።

«አምስተኛው! አራቱን የት ቀበርካቸው?» ትከሻቸው አሁንም ይሠራል። «ጉልበቴ አለቀ። በእናትህ፣ አሳርፈን!»

ጋሽ ከድርን አየኋቸው። ጣታቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ። ሥራዬ በዚያች ጣት ላይ ነበር።

ድምፁን ዘጋሁት።

ድንኳኑ ጸጥ አለ። አቶ በየነ ወዲያው «መብራት ሄደ!» ብለው ጮኹ። ከራሳቸው በላይ አምፖሎቹ ቦግ ብለው በርተዋል። ወይዘሮ ጽጌ ቀና ብለው አምፖሎቹን አዩና፣ «ምን ይደረግ፣ የመብራት ነገር!» ብለው ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። በሥራ ዘመኔ ካገኘሁት ሁሉ ሞቅ ያለው ጭብጨባ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ጋሽ ከድር መሣሪያውን አስጭነው ወደ ሱቁ መለሱን። እኔም መሰናበቴን ስጠብቅ ሰነበትኩ። ከዚያ አንዲት በድግሱ የነበሩ እናት ለልጃቸው ሠርግ መሣሪያ ሊከራዩ መጡ።

«ያንን መብራት የሚያጠፋውን ልጅ ላኩልን» አሉ።

ጋሽ ከድር ወደ እኔ ሳያዩ መለሱላቸው፦ «እሱ ቋሚ ሠራተኛችን ነው። ቀደም ብሎ ማስያዝ ያስፈልጋል።»

ምት ማስተካከልና ቅኝት ማስማማት በልምምድ ይገኛል። ድግስ ላይ ግን ዘፈን ማለቅ አለበት።